ቁልቁለቱ ላይ ያየው ሰው

የፍሬን ሸራ ሲቃጠል ያለውን ሽታ የማያውቅ ሰው ጎማ ነው ይላል። ባለፈው ሰሞን ከአሰላ ወደ አዳማ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው። ኢተያን አልፈን ቁልቁለቱን እንደ ጀመርን ያ ሽታ፣ የጋለ ብረትና የተለበለበ ጥፍር የተቀላቀለበት የሚመስል መራራ ሽታ፣ ከወለሉ ሥር መጣ። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን ከጆሮዋ ሳትነቅል "ኧረ ጎማ እየተቃጠለ ነው!" አለች። ሹፌሩ በመስታወት አየንና "የኛ አይደለም፣ ከፊት ያለው የጭነት መኪና ነው፣ አይዟችሁ" አለ። እውነቱን ነበር። ከፊታችን ስንዴ የጫነ ባለ ተሳቢ እያቃሰተ ይወርዳል። እኔ ግን "ወራጅ አለ" አልኩ።

"እማማ፣ እዚህ ሜዳ ላይ ምን አለና ነው የሚወርዱት?"

"ግድ የለም ልጄ፣ አውርደኝ ብቻ።"

አወረደኝና ሄዱ። ከአስፋልቱ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከላይ የአርሲ ተራራ ደመናውን ደፍቶ ቆሟል፤ ከታች ስምጥ ሸለቆው ተዘርግቶ በሙቀት ይንቀጠቀጣል። ዕድሜዬን ሙሉ ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ከፍ ያለ ነገር ለምን እንደሚወርድ፣ ሲወርድ ምን ይዞ እንደሚወርድ፣ ለስንት ሺህ ልጅ በጠመኔ እንደ ጻፍኩ አላህ ነው የሚያውቀው። ያን መንገድ ግን እስከ ዛሬ ዓይኔን ገልጬ ወርጄው አላውቅም።

አዳማን ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከተማዋን የሚያዞራት ጋሪ ነበር። ከባቡር ጣቢያው እስከ ገበያው በስሙኒ ትሄዳለህ፤ ባለ ጋሪው ካወቀህ ደግሞ በነፃ ያሳፍርህና እቤትህ ድረስ ያማሃል። ነፋሱ ግን የዛሬው ነፋስ ነው። ዛሬ ተራራው ላይ ነጫጭ የነፋስ ተሽከርካሪዎች ተክለው መብራት ያመነጩበታል፤ ያኔ ሥራው አቧራ እየዘገነ ሻይ ብርጭቋችን ውስጥ መጨመር ነበር። ሻይ አሥር ሳንቲም ነው። ከፖስታ ቤቱ ወረድ ብሎ የሾፌሮች ሻይ ቤት ነበረች፤ በረንዳዋ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ከጠዋት እስከ ማታ ዘፈን ይለቃል፤ ካሴቱ እያረጀ ሲሄድ የዘፋኙ ድምፅ ይወፍርና ወንዱ አዛውንት፣ ሴቷ ወንድ ትሆናለች። ወጣቱ እግሩ ሥር የሰፋ ሱሪ ለብሶ፣ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ማበጠሪያውን ጎፈሬው ውስጥ እንደ ሰካ እዚያ ጥግ ይቆማል። እኔ ደግሞ ሽንሽን ቀሚስ በሻሽ፣ ከታች ነጭ ሸራ ጫማ፤ ሸራ ጫማዬን ቅዳሜ ቅዳሜ አጥቤ ጠመኔ እቀባዋለሁ። አስተማሪ ስሆን ጠመኔው ከትምህርት ቤት ይመጣ ጀመር።

አባቴ ሰይድ ከወሎ በልጅነቱ የመጣ ሰው ነው። ባቡር ጣቢያው ላይ ከተሸካሚነት ጀምሮ፣ መኪና አጣቢ፣ ረዳት፣ በመጨረሻም የባለ ተሳቢ ሾፌር ሆነ። ከአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ እየጫነ ናዝሬት ወፍጮ ቤት ያራግፋል። ቁመቱ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ካኪ ጃኬቱ ከአንገቱ ፎጣ የማይለይ። ከአሰላ ሲመለስ ጃኬቱ ውስጥ ብርድ ይዞ ይመጣ ነበር፤ እኛ ሙቀቱ ሲያነፍረን ውሎ እሱ ሲያቅፈን የደጋው ብርድ ከእጥፋቱ ወጥቶ ፊታችንን ይነካናል። የስንዴ አቧራ ቅንድቡ ላይ ይቀመጥበታል። እናቴ "በሽምግልናህ ነው የምትመጣው፣ በጉርምስናህ ነው የምትሄደው" ትለው ነበር፣ ሲታጠብ ቅንድቡ ስለሚጠቁር።

የማስተማር ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ስለ መሬት ስበትና ስለ እምቅ ጉልበት የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ደረስን። ክፍሉ ጠባብ፣ ተማሪው ብዙ፣ መስኮቱ መስታወት የለው። መጽሐፉ ስለ ድንጋይና ስለ ማማ ያወራል። እኔ ግን ኩራት ይዞኝ "የአባቴን መኪና አስቡ" አልኳቸው። "ከዚህ ተነሥታ አሰላ ስትወጣ የምታቃጥለው ናፍጣ በከንቱ የጠፋ ይመስላችኋል። አልጠፋም። በከፊሉ ከፍታ ሆኖ ተቀምጧል። አሰላ ላይ ስንዴ ጭና የቆመች መኪና ዝም ብላ የቆመች ትመስላለች እንጂ ውስጧ ጉልበት ታምቋል። መጠነ ቁሷ፣ የምድር ስበት፣ ከፍታዋ፣ ሦስቱን አባዙ።" ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ከኋላ አንዱ እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ ታዲያ ስትወርድ ያ ጉልበት የት ይገባል?" አለ። "ፍሬን ባይኖር ፍጥነት ይሆን ነበር፤ ፍሬን ወደ ሙቀት እየቀየረ ወደ አየር ይበትነዋል። ጉልበት መልኩን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም።" ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ። ማታ ለአባቴ ነገርኩት። እራቱን እየበላ ሰማኝና ሳቀ። "እና ይሄን ሁሉ ዘመን የተኛ አንበሳ ጭኜ ስወርድ ነው የኖርኩት በይኛ!" አለ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው ነገሩ የደረሰው። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ ከሰዓት በኋላ አንድ የአባቴ ጓደኛ፣ ሾፌር ነው፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አስጠራኝ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ አይቼው አላውቅም። "አባትሽ ደህና ነው" አለኝ ቶሎ ብሎ። "ደህና ነው። ሰው ግን ሞቷል።"

አባቴን ፖሊስ ጣቢያ ግንባሩ በጨርቅ ታስሮ አገኘሁት። የነገረኝ እንዲህ ነው። ረዳቱ ታሞ አሰላ ስለ ቀረ ጋቢናው ውስጥ ብቻውን ነበር። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ እየወረደ ሳለ ማርሹ ዘለለበት፤ መልሶ ቢሞክር እምቢ አለው። ፍሬን ያዘ። መጀመሪያ ያዘለት፤ ከዚያ ያ ሽታ መጣ፤ ከዚያ ፔዳሉ እግሩ ሥር ባዶ ሆነ። ከታች መንገዱ አንዲት የገበያ መንደር መሃል ለመሃል ያልፋል፤ በገበያ ቀን ሻጩም ገዢውም አስፋልቱ ላይ ነው የሚውለው። ወደ ግራ ሽቅብ ያዘነበለ የእርሻ ማሳ ነበር። መሪውን ጠምዝዞ ማሳው ውስጥ ገባ። መኪናዋ የታረሰውን አፈር እየቀደደች ሽቅብ ሄዳ ሄዳ ቆመች። ከመቆሟ በፊት ግን ማሳውን ሲያርስ የነበረውን ልጅ ገድላዋለች። ስሙ ከድር ይባላል። ለእናቱ አንድ ነው።

"አላየኸውም?" አልኩት።

ግንባሩን ነካ ነካ አደረገና "ግራር ነበር" አለ። እኔ ግራሩ ጋርዶት ነበር ማለቱ ነው ብዬ ያዝኩት።

ሰኞ ትምህርት ቤት ስገባ ተማሪዎቼ ሁሉም ሰምተዋል። ሰሌዳው ላይ አንድ ልጅ ከመጽሐፉ የገለበጠው ሥዕል ነበር፤ ዳገት፣ ዳገቱ ላይ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ወደ ታች ቀስት። አጥፍቼው ሌላ ምዕራፍ ጀመርኩ። ማንም ለምን ዘለልሽው አላለኝም። ከዚያ በኋላ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ያ ምዕራፍ ሲደርስ ምሳሌዬ ድንጋይ ነው፣ ጠመኔ ነው፤ መኪና ብዬ አላውቅም።

ሻይ ቤቷ በረንዳ ላይ ወሬው ሌላ ነበር። "ናፍጣ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ ነው የወረደው" ይላሉ። አባቴ እንደዚያ የሚወርዱትን ሾፌሮች ሲሰድብ ያደግኩ ልጅ ስለሆንኩ አንጀቴ አረረ። የመንገዱን ርዝመትና የቁልቁለቱን ከፍታ ጠይቄ፣ እቤት ተቀምጬ አሰላሁት። የተማርኩትን ሁሉ ለአባቴ ጠበቃ ላቆመው ፈለግሁ። ሒሳቡ እንዲህ ይላል፦ ፍሬኑ አንዴ ከሄደ በኋላ ባዶም ትሁን የጫነች፣ የምታገኘው ፍጥነት ከከፍታው ነው፤ ሸክሙ ግን የሚቀጣው የሚያቆማትን ነው። ያን ሁሉ ጉልበት ሰብስቦ የሚይዝ ነገር ከዚያ ማሳ በቀር በዚያ መንገድ ላይ አልነበረም። ትክክል ነበር ስሌቱ። ዛሬም ብሠራው ያው ነው የሚመጣው።

አባቴ በዋስ እንደ ተፈታ የአገር ሽማግሌዎች ጉማ ይደረግ አሉ። ጉማ አርሲዎች ደም ሲፈስ ሁለቱን ወገን የሚያስታርቁበት ሥርዓት ነው። የተቀመጥነው እዚያው ማሳው አናት ላይ፣ ግራሩ ሥር ነው። የጎማው መሄጃ ገና አልጠፋም፤ ዝናብ ገብቶበት ሁለት ረጃጅም ኩሬ ሆኗል። በአንድ ወገን የከድር ዘመዶች፣ በሌላው ወገን እኛ፣ መሃል ላይ ሐጂ አማን የሚባሉ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ። የከድር እናት አዴ ሀሊማ ከዘመዶቿ ፈንጠር ብላ፣ ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ መሬት መሬት ታያለች። ንግግሩ በኦሮምኛ ነበር። እኔ ናዝሬት ተወልጄ ሁለቱንም ቋንቋ ስናገር ነው ያደግኩት፤ የአባቴ ኦሮምኛ የመንገድ ኦሮምኛ ነው፣ ይሰባበራል፣ ግን ይገባል።

እንድናገር አስፈቀድኩ። ሴት ልጅ፣ ያውም የገዳይ ልጅ፣ እዚያ መናገሯ ያስቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሐጂ አማን "አስተማሪ ናት አሉ፣ ትናገር" አሉ። ተነሥቼ ቆምኩ። መኪና ከከፍታ ሲወርድ ምን እንደሚሆን፣ ፍሬን ሲግል ለምን እንደሚከዳ፣ ያ ጉልበት ገበያው ላይ ቢደርስ ምን ሊያደርግ ይችል እንደ ነበር አስረዳሁ። ከላይ እስከ ታች ስናገር ማንም አላቋረጠኝም። በመጨረሻ "አባቴ ልጁን አላየውም። ይህ ግራር ጋርዶበት ነው። ቢያየው ኖሮ አይታጠፍም ነበር" አልኩ።

አዴ ሀሊማ ቀና አለች።

"ኢንተላ ኮ" አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። "ያልሽው ጉልበት መጨረሻ ላይ የት ገባ?"

"አፈሩ ውስጥ፣ አዴ። ብረቱ ሲጣመም፣ ሙቀት ሆኖ…"

"ልጄስ ላይ?"

"አዎ። እሱም ላይ።"

"አንድ ቦታ ማረፍ ነበረበት ማለትሽ ነው።"

"አዎ።"

"ለምን እሱ ላይ?"

መጠነ ቁሱን፣ ስበቱን፣ ከፍታውን አውቃለሁ። ለምን እሱ ላይ የሚለውን የሚያባዛ ነገር ማንም አላስተማረኝም። ቆሜ ቀረሁ።

"ዘሀራ፣ ተቀመጪ" አለ አባቴ።

ዞር ብዬ አየሁት። ፎጣውን ከአንገቱ አውርዶ በሁለት እጁ ይዞታል። "ልጄ የምታወራው እኔ የነገርኳትን ነው" አለ በዚያ በተሰባበረ ኦሮምኛው። "ያልነገርኳት አለ። ልጁን አይቼዋለሁ።"

"መቼ? ከታጠፍክ በኋላ?" አሉ ሐጂ አማን።

"ሳልታጠፍ። ከላይ ሆኜ። በሬ ጠምዶ ሲያርስ አየሁት። ከታች ደግሞ ገበያው ታየኝ። ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ አህያው። መሪውን የጠመዘዝኩት እያየሁት ነው። ይሮጣል ብዬ ነበር። አልሮጠም።"

የከድር አጎት ዱላውን ይዞ ተነሣ። ሁለት ሰዎች ያዙት። ጩኸት ሆነ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ አባቴን እንደማላውቀው ሰው ነበር የማየው። ያ ሁሉ ስሌቴ፣ ያ ሁሉ ቅድም የተናገርኩት፣ ባዶ ጆንያ ሆኖ እግሬ ሥር ወደቀ። ጩኸቱን ያስቆመችው አዴ ሀሊማ ናት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ እጇን ብቻ ነው ያነሣችው።

"ለምን አልሮጠም?" አለችው።

"በሬዎቹን ሊያወጣ። ጥሩምባ ስነፋ ቀና ብሎ አየኝ። መሮጥ ይችል ነበር። ቀንበሩን ሊፈታ ጎንበስ አለ። አልፈታ ሲለው ቀዩን በሬ፣ በስተግራ የተጠመደውን፣ በጅራፉ እጀታ መታና ወደ ጎን ገፋው። በሬዎቹ ሄዱለት። እሱ ነው የቀረው።"

"ፈርቶ ነበር?"

አባቴ ፎጣውን መልሶ አንገቱ ላይ ጣለ። "አልፈራም ብልዎት ደስ ባለኝ። አላውቅም። ዓይኑን ግን አይቼዋለሁ። የተቆጣ ነው የሚመስለው። 'አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነህ ነው?' የሚል።"

አዴ ሀሊማ ሳቅ የሚመስል ነገር ከጉሮሮዋ ወጣ። እስከ ዛሬ ያን ድምፅ እሰማዋለሁ። "እሱ ነው" አለች። "ሥራ ላይ ሲያቋርጡት እንደዚያ ነው። ከድር ነው።" ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። "ሳያውቀው ነው የሞተው፣ አልተሰማውም፣ እንቅልፍ ነው እያላችሁ ከረማችሁ። የልጄን መርዶ ገና ዛሬ ሰማሁ።" ተነሥታ፣ በዚያ ኩሬ በሆነው የጎማ መሄጃ ዳር ዳሩን እየረገጠች፣ ወደ ቤቷ ወረደች። ሽምግልናው በዚያው ተበተነ።

ወደ ናዝሬት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ከአባቴ ጎን ተቀመጥኩ። ዴራ ስንደርስ "ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት። "ብነግርሽ ያን ሁሉ ትናገሪ ነበር?" አለኝ። "አልናገርም ነበር።" "እኔም ለዚያ ነው" አለ። ትርጉሙ ገብቶኛል ብዬ አልምልም። ሰው ሲከራከርለት መስማት ፈልጎ ይሆን? ወይስ እኔ እውነት ብዬ ስናገረው እሱም ለጥቂት ጊዜ ሊያምነው? ጠይቄው አላውቅም።

ሐጂ አማን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሰው ላኩብን። አዴ ሀሊማ ጉማውን ተቀብላለች፣ ይቅር ብላለች፤ ግን ሽማግሌዎቹ ከዚህ በፊት ሰምተውት የማያውቁት አንድ ነገር ጠይቃለች። ሰውየው ስጠራው ይምጣ፣ ስጠይቀው ያየውን ይንገረኝ፣ እምቢ እንዳይል። አባቴ ተስማማ። ፍርድ ቤትም ቀርቦ ጠበቃው ዝም በል እያለው ያንኑ ተናገረ። ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ ረጅም ጊዜ አዩት። ተፈረደበት። ታሰረ። እኛም በእኔ ደመወዝ ከረምን።

እሱ እስር ቤት ሳለ አንድ የገበያ ቀን ወደዚያች መንደር ሄድኩ። ለምን እንደ ሄድኩ ዛሬም በትክክል አላውቅም። አስፋልቱ ላይ እንደ ድሮው ሞልተዋል። ሽንኩርት ከፊት፣ ድንች ከኋላ፣ ቃሪያው በጣሳ። ይጨቃጨቃሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዲት ሴት ልጇን ጎመን ክምር ላይ አስተኝታዋለች። ፊታቸውን እያየሁ ዞርኩ። መኪናዋ እዚህ ብትደርስ የምትሞተው የትኛዋ ነበረች? የትኛው? የሚያውቅ የለም። ማሳው ላይ ሰው መሞቱን ሁሉም ያውቃል፤ እያንዳንዱ ስለ ራሱ የሚያውቀው ግን የለም። አንዷ ባለ ድንች "ምን ልስጥሽ?" አለችኝ። ሁለት መደብ ድንች ገዛሁ። አፍሳ ስትጨርስ ዓይኔን አይታ፣ ምን እንዳየች እንጃ፣ ሁለት ድንች ምራቂ ጨመረችልኝ። ዘንቢሌን ይዤ ከመንደሯ እስክወጣ አለቀስኩ። አባቴ ትክክል ነበር? እያንዳንዳቸውን ሳይ ትክክል ነበር እላለሁ። ዞር ብዬ ሽቅብ ማሳውን ሳይ ደግሞ አፌ ይታሰራል።

ሲፈታ የመኪናው ባለቤት መልሰው ቁልፍ ሰጡት። ጥሩ ሰው ነበሩ። አባቴ ባዶ መኪና ይዞ አሰላ ወጣ፣ ሌላ ጊዜ እንደሚያደርገው ስንዴውን አስጫነ፣ ሸራውን አሰረ፣ ጋቢና ገባ። ጠዋት ገብቶ እስከ ቀትር ተቀመጠ አሉ። ሞተሩን አላስነሣም። ከዚያ ወርዶ ቁልፉን ለሌላ ሾፌር ሰጠ። ቴሌ ሄዶ ትምህርት ቤት ደወለልኝ። ዲሬክተሩ ቢሮ ሮጬ ስገባ መስመሩ ይንጫጫል።

"ዘሀራ፣ መውረድ አልቻልኩም።"

"በአውቶቡስ ና፣ አባባ።"

"በምንም። እዚሁ እቀራለሁ። እናትሽን ይዘሻት ነይ።"

ቀልድ መስሎን ነበር። አልነበረም። አባቴ ያን ከተማ ለቆ በመኪና ወርዶ አያውቅም። እናቴ ጓዟን ጠቅልላ ሄደች፤ የናዝሬትን ሙቀት የለመደች ሴት በአሰላ ብርድ በጋቢ ተሸፍና አረጀች። ሱቅ ቢጤ ከፈተ፤ ሳሙና፣ ስኳር፣ ክብሪት፣ የላስቲክ ጫማ። ኒካሄ እንኳ የተደረገው እዚያ ነው፤ የሙሽራው ዘመዶች ከናዝሬት በሁለት አውቶቡስ ተጭነው፣ "የትኛዋ ሙሽራ ናት ሚዜዎቿን ዳገት የምታስወጣ?" እያሉ እየቀለዱ መጡ። የቤተሰቡ ነገር ሁሉ ሽቅብ ሆነ።

በእግሩ ብቻ ነው የሚወርደው፣ እሱም እስከ አዴ ሀሊማ ቤት። መጀመሪያ ሲጠራ ሄደ። በኋላ በኋላ ሳይጠራም መሄድ ጀመረ። ጠዋት ተነሥቶ ከመኪና መንገዱ ራቅ ብሎ በማሳው መሃል በብትሩ እየተደገፈ ይወርዳል፤ ሲመሽበት ሐጂ አማን ቤት ያድራል፣ በማግሥቱ ይደርሳል። አንድ ጊዜ አብሬው ሄድኩ። ወተት ሰጠችን። ስለ ዝናብ አወሩ፣ ስለ ስንዴው ዋግ፣ ስለ ጉልበት ሕመም። ከዚያ አዴ ሀሊማ "እሺ" አለች፣ አባቴም ጀመረ። ከላይ ሆኖ እንዳየው። ጥሩምባውን እንደ ነፋ። ቀና እንዳለ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች፤ አልፎ አልፎ ትጠይቀዋለች፤ ሸሚዙ ተቆልፎ ነበር ወይ፣ ባዶ እግሩን ነበር ወይ። የማያውቀውን አላውቅም ይላታል። አንድም ቃል ሲጨምር አልሰማሁም። ጨርሶ ሲነሣ ደክሞት፣ ላብ አጥምቆት ነበር። ስንወጣ "አባባ፣ ይህ ነገር ይጎዳሃል፣ ተወው" አልኩት። "እሷንስ?" አለኝ።

አባቴ የሞተው አሰላ፣ አልጋው ላይ፣ በክረምት ነው። ቀብሩ እዚያው ሆነ። እኔ ከልጆቼ ጋር ከአዳማ ወጣሁ። ቤቱ በለቅሶኛ ሞልቷል፤ የሱቅ ደንበኞች፣ ጎረቤት፣ ከናዝሬት የመጡ ጡረተኛ ሾፌሮች። ወንዶቹ ከቀብር ሲመለሱ አዴ ሀሊማ በእህቷ ልጅ ተደግፋ በር ላይ ደረሰች። በጣም አርጅታለች፣ ዓይኗም ደክሟል። ሰው ለቀቀላት። አጠገቤ ተቀመጠች፣ እጄን ያዘች። ዱዓው ሲያልቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ልጄን በሕይወት ያየው የመጨረሻው ዓይን ተከደነ" አለችኝ። "ከእንግዲህ ማንን እጠይቃለሁ?"

እጇ እጄ ውስጥ እንደ ወፍ ቀሎ ነበር። አልጠየቀችኝም፤ እኔ ግን ጀመርኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በአባቴ የተሰባበረ ኦሮምኛ ሳይሆን በራሴ፣ ከላይ ሲወርድ እንዳየው፣ በሬዎቹን፣ ጥሩምባውን፣ ቀና ብሎ እንዳየው፣ ቀንበሩ አልፈታ እንዳለው ነገርኳት። "ከዚያ ቀዩን በሬ መታው፣ በስተቀኝ የነበረውን…" ስል እጇን እጄ ላይ ጫን አደረገችው።

"በስተግራ" አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። "ቀዩ በስተግራ ነበር። ቀጥይ።"